ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ አበባ፤ የምንኖርበትን ደጋና ቆላ አውቆ መትከል

ብርዱ አልፎ ኤፕሪል ሲገባ የየሱፐርማርኬቱ በር በአበባ ይሞላል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ወይን ጠጅ። ልጆች “ይሄን ግዢልን” ይላሉ፤ እናትም አንድ ሁለቱን አንስታ ጋሪው ላይ ታስቀምጣለች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግማሹ ጠውልጎ፣ ግማሹ ጠቁሮ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ከዚያ ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ “እጄ ለተክል አይሆንም።”

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ አይደለም። አገር ቤት ጓሮዋን በዳሊያና በጽጌረዳ ሞልታ የኖረች እናት እጇን ቦሌ አየር ማረፊያ ጥላው አልመጣችም። የተለወጠው አየሩ፣ የቀኑ ርዝመትና አፈሩ ነው። የሚበቅለውን ከማይበቅለው፣ የሚተከልበትን ወር ከማይተከልበት መለየት ከቻልን ያችው እጅ እዚህም ታበቅላለች። በዚህ ጽሑፍ በቀዝቃዛም በሞቃትም አገር ላለን ቤተሰቦች የሚሆነውን እናያለን። መጨረሻ ላይም መስከረም 1 ቀን ልጆች የሚይዙት ቢጫ አበባ በየአገሩ እንዴት እንደሚደርስ እንቆጥራለን።

አዲስ አበባ ያስለመደችን ነገር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለችም፤ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ሁለቱ ተደምረው ለአበባ የተመቸ ጠባይ ሰጥተዋታል። ቀኑ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ተክል አይገድልም። የቀኑም ርዝመት ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በአሮጌ ጣሳ የተተከለ ጀራኒየም ዓመቱን ሙሉ ያብባል፤ የዳሊያው ሥር ከመሬት ሳይወጣ ዓመት ይደግማል።

እዚህ ግን ሦስቱም ተለዋውጠዋል። ስቶክሆልም በጁን ፀሐይ ከ18 ሰዓት በላይ ትቆያለች፤ በዲሴምበር ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ። ሚኒያፖሊስ መሬቱ ራሱ በረዶ ይሆናል። ዳላስና ዱባይ ሌሊቱም አይበርድም። የደጋ አበባን የሚጎዳው የቀን ፀሐይ ብቻ አይደለም። ሌሊት ማረፍ የለመደ ተክል ሌሊቱም ትኩስ ሲሆንበት አበባውን ያረግፋል። “ውኃ አጠጣሁት፣ ፀሐይም አለው፣ ምን ሆነብኝ?” ለምትሉ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ፖይንሴቲያን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ውስጥ ገና ሲቃረብ ከአጥር በላይ ቀይ ቅጠሉን የሚዘረጋ ቁጥቋጦ ነው፤ እዚህ ደግሞ በዲሴምበር በትንሽ ሸክላ የሚሸጥ የገና ጌጥ። ተክሉ ግን አንድ ነው፤ ትውልድ አገሩም ሜክሲኮ። ቅጠሉን የሚያቀላው የሌሊቱ መርዘም ነው። ሳሎናችን ውስጥ መብራት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚበራ ተክሉ ሌሊት መሆኑን አያውቅም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። የዓምናውን ዘንድሮም ማቅላት የሚፈልግ ከኦክቶበር መጀመሪያ አንሥቶ በየማታው ለ14 ሰዓት ያህል ጨለማ ቦታ፣ ለምሳሌ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስገባው፤ ቀን ቀን ወደ መስኮት ይመልሰው። ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል።

ደጋና ቆላ እዚህም አለ

አያቶቻችን ስለ አንድ አገር ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት “ደጋ ነው ቆላ?” ብለው ነው። ገብስ ለደጋ፣ ጤፍ ለወይና ደጋ፣ ማሽላ ለቆላ። ይህ ዕውቀት እዚህም ይሠራል፤ ስሙ ብቻ ተቀይሯል።

አሜሪካ ውስጥ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ካርታ አገሩን በ13 ዞን ይከፍለዋል። መጨረሻ የታደሰው በ2023 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦታው ቀዝቃዛ ነው። ለምሳሌ ሚኒያፖሊስ ዞን 4 እና 5 አካባቢ ላይ ናት፤ ዴንቨር 5 እና 6፤ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ 7 እና 8፤ አትላንታ 8፤ ላስ ቬጋስ 9። ኢንተርኔት ላይ የፖስታ ቁጥራችሁን ብታስገቡ የእናንተ ዞን ይወጣል። ከዚያ ሱቅ ሄዳችሁ የተክሉን መለያ ወረቀት አንብቡ። “ዞን 5–9” ካለ፣ ዞን 7 የሚኖር ሰው ሳይሠጋ መሬት ላይ ሊተክለው ይችላል። “ዞን 9–11” ካለ ግን ያ ተክል የዲሲን ክረምት ውጭ አያልፍም፤ በሸክላ ይዞ ወደ ቤት ማስገባት ነው።

እንግሊዝ ያላችሁ መለያው ላይ “ኤች” ከሚለው ፊደል ጋር ከ1 እስከ 7 ቁጥር ታያላችሁ፤ ኤች 7 ብርድ የሚችለው ነው፣ ኤች 1 ደግሞ ከሙቀት የማይወጣው። ስዊድን የራሷ ካርታ አላት፤ ከ1 እስከ 8 ይቆጥራል፤ እዚያ ግን 1 ለስላሳው፣ 8 ብርቱው ብርድ ነው፤ ከአሜሪካው ተቃራኒ። የአሜሪካ ቪዲዮ አይታችሁ ስዊድን ውስጥ የምትተክሉ ይህን ልብ በሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአሜሪካው ዞን የሚለካው የክረምቱን ብርድ ብቻ ነው። ሲያትልና ዳላስ በዞን ቁጥር ጎረቤት ናቸው፤ በጋቸው ግን ደጋና በረሃ ነው። ሲያትል በጁላይ የአዲስ አበባን አየር የሚያስታውስ ለስላሳ ነው፤ ዳላስ ቀኑ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ክረምቱ ምን ያህል ይበርዳል? በጋውስ ምን ያህል ይሞቃል?

መለያው ላይ ሌላም የሚታይ ቃል አለ። “አንዋል” ማለት በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ጥሎ የሚሞት ነው። “ፐረኒያል” ማለት ደግሞ ክረምት ላዩ ቢደርቅም ሥሩ ከርሞ ዓመት የሚመለስ ነው። ብዙ ሰው ፐረኒያሉን በኖቬምበር ደርቆ ሲያየው ሞቷል ብሎ ይነቅለዋል። አትንቀሉት፤ እስከ ሜይ መጨረሻ ታገሡት።

ብርዱ ብርቱ የሆነበት አገር

ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ካናዳ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ ላላችሁ ከሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት የመጨረሻው አመዳይ ቀን ነው። ኤፕሪል ላይ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ስትወጣ ልብ ያታልላል። ሱቁም አበባውን ያወጣዋል። ነገር ግን አንድ ሌሊት አመዳይ ከጣለ ለስላሳው ሁሉ ጠዋት ላይ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይገኛል። በዴንቨር የቆዩ አትክልተኞች እስከ እናቶች ቀን፣ ማለትም እስከ ሜይ ሁለተኛ እሑድ ይጠብቃሉ። ጀርመኖች ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀናት “የበረዶ ቅዱሳን” ብለው በቅዱሳን ስም ይጠሯቸዋል፤ እነሱ ሳያልፉ ቲማቲምም አበባም አያወጡም። በዓል እየቆጠሩ መዝራት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ችግኝ ከቤት ስታወጡ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አትጣሉት። የመጀመሪያውን ቀን ለአንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ ከሳምንት እስከ 10 ቀን አለማምዱት። ይህን ሳያደርጉ የተከሉት ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

ዳሊያ በዚህ አገር ይሆናል፤ ሥሩ ብቻ ክረምትን መሬት ውስጥ አያድርም። ከአመዳይ በኋላ ሥሩን 10–15 ሴንቲ ሜትር አጥልቃችሁ ትከሉት። በመከር የመጀመሪያው አመዳይ ቅጠሉን ሲያጠቁረው ግንዱን አሳጥራችሁ ቆርጣችሁ ሥሩን እንደ ድንች በጥንቃቄ አውጡት። አፈሩን አራግፉ፣ አድርቁት፣ ደረቅ ሰጋቱራ ባለበት ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ በረዶ በማይገባበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ለምሳሌ ምድር ቤት አስቀምጡት። ሜይ ላይ መልሳችሁ ትከሉ። እንዲህ ከተያዘ አንድ ሥር በየዓመቱ እየተባዛ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ብርዱ የሚሰጠውም ነገር አለ። ቱሊፕና ዳፎዲል አዲስ አበባ ጓሮ ውስጥ የማናያቸው ብርድ ስለሚፈልጉ ነው። ሱቅ “ቡልብ” የሚሉት ሽንኩርት መሳይ ሥራቸው ከ12 እስከ 14 ሳምንት ያህል ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ካልተኛ አበባውን አያወጣም። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ መሬቱ ሳይደነድን፣ የሥሩን ቁመት ሦስት እጥፍ ቆፍራችሁ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ቅበሩት። ከዚያ በኋላ ሥራ የለም። በረዶው ይከምርበታል፤ በኤፕሪል ራሱ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ክረምትን ለምታሳልፍ አዲስ መጪ ቤተሰብ ይህን መትከል መልካም ነው። በረዶው ሥር የሚጠበቅ ነገር ይኖራል።

መካከለኛው አየር

ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያ፣ ለንደን፣ ፍራንክፈርት እንደ ወይና ደጋ ቁጠሯቸው። ጽጌረዳ፣ ጀራኒየም፣ ዳሊያ፣ ካላ ሊሊ ሁሉም ይሆናሉ። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ፣ ሥሩ ላይ የማይቆም ውኃ፣ በቂ ነፋስ ይፈልጋል። የዲሲ አካባቢ በጋ ርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣበታል። ስለዚህ ውኃውን ከላይ አታርከፍክፉት፤ ሥሩ ላይ አጠጡት፣ በተቻለ ጠዋት። የታመመውን ቅጠል ልቀሙና ጣሉት እንጂ ሥሩ ላይ አትተዉት።

የሜሪላንድ የአፈር ችግር ሸክላነቱ ነው፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ። መድኃኒቱ አሸዋ አይደለም። ሸክላና አሸዋ ሲቀላቀሉ እንደ ሲሚንቶ ይደድራሉ። ኮምፖስት፣ የበሰበሰ ቅጠልና የከረመ ፍግ ነው የሚበጀው። ከቡና የተረፈው አተላ ኮምፖስቱ ውስጥ ቢገባ ይጠቅማል፤ ግን አተላውን ብቻውን ወፍራም አድርጎ ተክል ሥር መከመር ውኃ እንዳይሰርግ ያደርጋል።

ሞቃቱና በረሃው

ቴክሳስ፣ አሪዞና፣ ላስ ቬጋስ፣ ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ያላችሁ የቀን መቁጠሪያውን ገልብጡት። ለእናንተ የሚከብደው በጋው ነው። የባሕረ ሰላጤው የአበባ ወቅት በኦክቶበር ይከፈታል፤ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ይዘጋል። በ2013 የተከፈተው ታዋቂው የዱባይ ሚራክል ጋርደን እንኳ በየዓመቱ በጋውን ተዘግቶ የሚያሳልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ፔቱኒያና ማሪጎልድ በኦክቶበር ትከሉ፤ እስከ ፀደይ ያብባሉ።

በጋውን የሚችሉት ሌሎች ናቸው። ቡገንቪሊያ አገር ቤት አጥር ላይ እንደምናውቃት ናት፤ ውኃ ሲበዛባት ቅጠል ብቻ ታወጣለች፣ ጠማት ስትል ነው የምታብበው። ቪንካና ፖርቱላካ ፀሐይ አይፈሩም። ጡሩምባ የመሰለ ቢጫ አበባ ያላት ቴኮማም ሙቀት ውስጥ ታብባለች። ጠዋት ማልዶ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አጠጡ። ጥቁር የፕላስቲክ ሸክላ ፀሐይ ላይ ሥሩን ይቀቅለዋል፤ ነጭ ወይም የጭቃ ሸክላ ምረጡ።

ቱሊፕ የሚናፍቅ የሂዩስተን ወይም የዳላስ ሰው ብርዱን ከፍሪጅ መስጠት ይችላል። ቡልቡን በወረቀት ከረጢት አድርጎ ከ12 ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያ በዲሴምበር መጨረሻ ወይም በጃንዋሪ መትከል ነው። ፖምና ሙዝ ካሉበት መሳቢያ ግን አርቁት። ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ውስጥ ያለውን እንቡጥ ይገድለዋል።

ከእኛ አገር የመጡ አበቦች ሱቅ ውስጥ አሉ

ብዙዎቻችን ሳናውቃቸው የምናልፋቸው የአገራችን አበቦች አሉ። አንደኛው “የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ” የሚባለው ነው፤ አንዳንድ ሱቅ በድሮ ስሙ አሲዳንቴራ ይለዋል። ከኢትዮጵያ ጀምሮ ወደ ደቡብ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የሚበቅል፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ማታ ማታ የሚሸት አበባ ነው። ሥሩ ከማርች እስከ ሜይ በርካሽ ይሸጣል። አመዳይ ካለፈ በኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቃችሁ 8 ወይም 10 ሥር አቀራርባችሁ ትከሉ፤ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር ያብባል። ልክ በእንቁጣጣሽ ሰሞን! ከዞን 8 በታች የሆነ እንደ ዳሊያው ሥሩን አውጥቶ ያስቀምጠው።

ሁለተኛው ፔንታስ ነው፤ ኮከብ የመሰሉ ጥቃቅን አበቦች በእቅፍ የሚያወጣ፣ ከኢትዮጵያና ከየመን አካባቢ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የሚበቅል። ሙቀት ይችላል፣ ቢራቢሮም ይጠራል። ለቴክሳስ፣ ለፍሎሪዳና ለባሕረ ሰላጤው ይስማማል። ሦስተኛው የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት አዴኒየም ነው። በአገራችን ቆላ፣ በሶማሊያና በዐረብ ምድር ይበቅላል፤ ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠ። በብርድ አገር በፀሐያማ መስኮት ላይ ይኖራል፤ ክረምት ውኃ አታብዙበት።

ነጩ ካላ ሊሊ የሳይንስ ስሙ ውስጥ “ኢትዮጵያዊ” የሚል ቃል አለው። ትውልዱ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። የድሮ አውሮፓውያን ከግብፅ በታች ያለውን አፍሪካ በሰፊው ኢትዮጵያ ይሉት ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው።

አደይ አበባ ዘመዶች አሏት

አደይ አበባ ባይደንስ የሚባለው የአበባ ወገን ናት። ዘሯ ደረቁን በጋ መሬት ውስጥ ይቆያል፤ የሰኔ ዝናብ ሲጥል ይበቅላል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ደጋውንና ወይና ደጋውን ቢጫ ታለብሰዋለች። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጎትም የዚሁ ወገን ነው። ባይደንስ በላቲን “ሁለት ጥርስ” ማለት ነው፤ የጨጎጎትን ዘር ከካልሲው የለቀመ ሁሉ ጥርሱን ያውቀዋል።

ደስ የሚለው፣ ዘመዶቿ አሜሪካም አሉ። በሴፕቴምበር በሜሪላንድና በቨርጂንያ ረግረጋማ ሜዳዎችና መንገድ ዳር ቢጫ ሆነው ከሚታዩት አበቦች አንዱ ባይደንስ ነው። ለመትከል ደግሞ ሱቅ ውስጥ በተንጠልጣይ ቅርጫት የሚሸጠው ቢጫ ባይደንስ አለ፤ የሜክሲኮና የአሪዞና ትውልድ ነው፣ እንግሊዝና ጀርመንም በየሱቁ አለ። ኮርዮፕሲስም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፐረኒያል ስለሆነ በየዓመቱ ይመለሳል። መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነው ሩድቤኪያ ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት አበባ ነው፤ በሴፕቴምበርም ገና አበባው ላይ ነው።

“ለምን እውነተኛውን ዘር ከአገር ቤት አናመጣም?” የሚል ይኖራል። ዘር በመሐረብ ቋጥሮ መምጣት ያስቸግራል። አሜሪካ ሲገባ ማንኛውም ዘርና ተክል ለጉምሩክ መነገር አለበት፤ ለመትከያ የሚሆን ዘር ደግሞ የተክል ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። ሳይናገሩ ቢገኝ ያስቀጣል። የአውሮፓ ኅብረትም ከዲሴምበር 14 ቀን 2019 ጀምሮ ከውጭ ለሚገባ ተክልና የመትከያ ዘር ይህንኑ ወረቀት ይጠይቃል። ምክንያቱ ተባይና በሽታ አብሮ እንዳይገባ ነው። የዘመዶቿን ዘር እዚሁ መግዛት ይሻላል።

ለመስከረም 1 ወደ ኋላ መቁጠር

እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በየአራት ዓመቱ አንዴ 12 ይሆናል። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እንቁጠር።

ብርድ አገር ያላችሁ፦ ኮርዮፕሲስና ሩድቤኪያ በሜይ መጨረሻ ትከሉ። ልጆች ከዘር እንዲያሳድጉ ከፈለጋችሁ የማሪጎልድ ዘር በሰኔ አጋማሽ፣ ማለትም በጁን መጨረሻ ዝሩ፤ ሁለት ወር ገደማ ይበቃዋል።

መካከለኛ አየር ያላችሁ፦ አጭሩን የሱፍ አበባ በጁላይ መጀመሪያ ዝሩ። እንደ ዓይነቱ ከ55 እስከ 75 ቀን ይፈጃል፤ የዘሩ ፓኬት ጀርባ ላይ ተጽፏል። ሁሉም አንድ ቀን እንዳይደርስና እንዳያልፍ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ዝሩ።

ቴክሳስና አሪዞና፦ ቢጫና ብርቱካናማው ኮስሞስ በጁላይ መጀመሪያ ይዘራ። ደካማ አፈር ይወዳል፤ ማዳበሪያ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ባሕረ ሰላጤው፦ ሴፕቴምበር ገና እሳት ነው። ቢጫ ፖርቱላካ በሸክላ ወይም ቴኮማ ካለ በዓሉን ያደርሳሉ። ማሪጎልዱን በመስከረም ቤት ውስጥ ዝሩና በኦክቶበር አውጡት። በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች መስኮት ላይ ለአንዲት ፖርቱላካ የሚሆን ቦታ አይጠፋም፤ እርጎ የነበረበት ዕቃ ሥሩ ተበስቶ ይበቃታል።

እስራኤል፦ ዝናብ የሚመጣው በመከር ስለሆነ የሜዳው ዘር ከበዓላት በኋላ ነው የሚዘራው። ለእንቁጣጣሽ ግን ውኃ እየጠጣ በሸክላ ያደገ ማሪጎልድ ይደርሳል።

አውስትራሊያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ለእናንተ ሴፕቴምበር እንደ እኛ አገር የአበባ መባቻ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ የሆነው ቢጫው ዋትል በዚያ ሰሞን ያብባል፤ ሴፕቴምበር 1 የእሱ ቀን ተብሎ ይከበራል። ከእንቁጣጣሽ 10 ቀን ቀድሞ!

ጓሮ ለሌለን

አፓርትማ ውስጥ ላለን ደቡብ የሚያይ መስኮት ከሁሉ ብርሃን ይበዛዋል፤ ሰሜን የሚያየው ለአበባ አይበቃም። አውስትራሊያ ላይ ይህም ይገለበጣል። የቤት ውስጥ ተክል በብዛት የሚሞተው ከጥም ይልቅ ከውኃ ብዛት ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። ሸክላው ታች ቀዳዳ ይኑረው። ከተማችሁ የጋራ የአትክልት ቦታ እንዳላት ጠይቁ፤ እንግሊዝ አሎትመንት ይሉታል። ብዙ ቦታ ወረፋ ስላለ ዛሬ መመዝገብ ይሻላል።

ልጆች ላሉበት ቤት

አንዳንዱ አበባ መርዝ ነው። ዐረቦች ዲፍላ የሚሉት ኦሊያንደር በባሕረ ሰላጤውና በካሊፎርኒያ በየመንገዱ አለ፤ ቅጠሉም ግንዱም አበባውም ብርቱ መርዝ ነው። ልጅ አፉ ውስጥ እንዳይከት፣ እንጨቱም ለእሳት እንዳይሆን። የዳፎዲል ቡልብ ቀይ ሽንኩርት ይመስላል፤ ቢበላ ያስታውካል፤ ስለዚህ በምንም ምክንያት ወጥ ቤት አታስቀምጡት። ሊሊ ድመት ትገድላለች፤ ድመት ያለበት ቤት እቅፍ አበባው ውስጥ እንኳ አትግባ። የካላ ሊሊ ቅጠል ሲታኘክ አፍ ያቃጥላል። የአዴኒየም ፈሳሽም መርዝ ነው። ለቡና የምንተክለው ጤና አዳም እንኳ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ልጆች በበጋ ቀን አይቅጠፉት።

ይህን ካወቅን በኋላ ግን አትክልት ቦታ ለልጅና ለአያት የሚሆን ሥራ ነው። ልጅ ለመጠበቅ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አማርኛው ይከብዳቸዋል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ለአያት ይከብዳቸዋል፤ ሁለቱም ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ይቀራሉ። አንድ የዘር ፓኬት ግን ሁለቱን ያፈላልጋቸዋል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን የሚያነበው ልጁ ነው። ዘሩ ምን ያህል እንደሚቀበር፣ ችግኙ መቼ እንደሚነቀል፣ አፈሩ ሲጨበጥ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው አያት ናት። “እማማ፣ ይሄ አረም ነው ወይስ አበባ?” ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቡቃያ፣ እንቡጥ፣ ኩትኳቶ የሚሉትን ቃላት ሳያስበው ያውቃቸዋል።

በመከር አበባው ሲደርቅ ራሱን ቆርጣችሁ ወረቀት ላይ አራግፉት። ማሪጎልድና ኮስሞስ ዘራቸው በእጅ የሚለቀም ነው፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። ልጆቹ በፖስታ አሽገው ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ላዩ ላይ በአማርኛ ይጻፉበት፤ ፊደል ቢሳሳቱም አያት ታርማለች። ግማሹን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ግማሹን ለጎረቤት ስጡ።